ባዮፕሲ ከተጂ ሲነሳ

ተጂ ላይ የወጣ የጡት እብጠት ምን እንደሆነ የሚታወቀው አዲስ አበባ ነው። በጅማ መንገድ ከተጂ፣ ከተፍኪና ከሰበታ የሚነሳ ናሙና በአየር ጤና ገብቶ፣ አለርትን አልፎ ጥቁር አንበሳ ይደርሳል። የቡራዩው በአስኮ፣ የሱሉልታው በአዲሱ ገበያ በኩል ስለሚገባ ቅዱስ ጳውሎስ ይቀርባቸዋል። ወደ ግል ላቦራቶሪ የሚልክም አለ። የትም ይሂድ፣ ፓቶሎጂስቱ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የሚያየው እናንተ በዕቃ ከታችሁ የላካችሁትን ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የተበላሸ ሥጋ በኋላ ምንም ዓይነት ቀለም ቢቀባ አይድንም።

ይህ ጽሑፍ ግቢው ውስጥ የፓቶሎጂ ክፍል በሌለው ሆስፒታል፣ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ለምትሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችና የላቦራቶሪ ሠራተኞች ነው። ሐኪሞችም ብታነቡት አይጎዳችሁም፤ ናሙናው ጎዝ ላይ ተረስቶ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ እናንተ ቁስሉን እየሰፋችሁ ሳለ ነው።

ለምን ይቸኮላል

አንድ ሥጋ ደም ከተቋረጠበት ደቂቃ ጀምሮ በራሱ ኢንዛይሞች መፈጨት ይጀምራል። ባክቴሪያ ደግሞ ከኋላ ይከተላል። ሁሉም እኩል አይፈጥንም፤ ቆዳ ይታገሳል፣ የአንጀት ውስጠኛ ሽፋንና ቆሽት ግን ፈጽሞ አይታገሱም። ፎርማሊን ይህን የሚያቆመው ፕሮቲኖችን እርስ በርስ በማስተሳሰር ነው። ጥሬ ቆዳ ፋብሪካ ገብቶ ሲለፋ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ መበስበሱ ይቆማል፣ ቅርጹ ይጸናል፣ ሲነኩትም ጠንከር ይላል። ጀርመናዊው ሐኪም ፈርዲናንድ ብሉም እ.ኤ.አ. በ1893 ይህን ጠባይ የደረሰበት ፎርማሊንን ለጀርም ማጥፊያነት ሲሞክር የገዛ ጣቶቹ ቆዳ እየጠነከረ ሲያስቸግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኬሚካል ተሞክሯል፤ በዓለም ላይ ያለው የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ግን ዛሬም የሚያድረው በዚያው ፎርማሊን ነው።

ሥራው ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ፎርማሊኑ ቶሎ ሥጋው ውስጥ መግባት አለበት፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ለማስተሳሰር ጊዜ ማግኘት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የመጣ ነው።

ፈሳሹን አስቀድሞ ማዘጋጀት

ፎርማሊን የሚፈለገው በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ ከሆነ ነገሩ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል። አስታማሚውን ወረቀት አስይዞ ወደ ፋርማሲ መስደድ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ እሱ ተመልሶ እስኪመጣ ግን ናሙናው አንድ ሰዓቱን ጨርሷል። ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የተቀላቀለ ፎርማሊን በመደርደሪያው ላይ ይኑር።

ከአቅራቢ የሚመጣው ጠርሙስ ላይ ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ተብሎ ይጻፋል። ለናሙና የሚያስፈልገው «10 በመቶ ፎርማሊን» የሚባለው ሲሆን፣ ይህም ከጠርሙሱ አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ማለት ነው። ስሌቱ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ 10 በመቶ የሚለው የፎርማልዲሃይድ መጠን መስሏቸው ጠርሙሱን በአራት ብቻ የሚያቀጥኑ አሉ። ተቀላቅሎ ያለቀው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሳይቀጥን እንዳለ መጠቀም ደግሞ «ይበልጥ ያጸናል» ተብሎ የሚደረግ ጥፋት ነው፦ የላዩን ቅርፊት ቶሎ ያደርቀዋል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ይቀራል።

ትክክለኛው አሠራር ባፈር ያለው ፎርማሊን ነው። ለአንድ ሊትር፦ ከጠርሙሱ ፎርማሊን 100 ሚሊ ሊትር፣ የተጣራ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር፣ ሞኖሃይድሬት የሆነው ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 4 ግራም፣ ውሃ የሌለው ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 6.5 ግራም። ጨዎቹን በውሃው አሟሟቸው፣ ከዚያ ፎርማሊኑን ጨምሩ። ፒ ኤች በወረቀት ሲለካ ከ6.8 እስከ 7.2 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ጨዎቹን መመዘኛ ሚዛን ከሌለ ሚዛን ያለው የሰበታ ወይም የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ለአንድ ለአንድ ሊትር የሚበቃውን መዝኖ በትንንሽ ከረጢት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ለእነሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ለእናንተ የወራት ስንቅ ነው።

ባፈሩ ለምን እንደዚህ አስፈለገ? ፎርማልዲሃይድ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል። አሲዱ ደም ካለበት ሥጋ ጋር ሲገናኝ ቡናማ ጥቁር ብናኝ ይፈጥራል፤ ስላይዱ ላይ የወባ ተውሳክ ከሚተወው ብናኝ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ወባ በሚታወቅበት አገር ጣፊያና ጉበት ለሚያነብ ፓቶሎጂስት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፎስፌት ጨዎቹ ካልተገኙ በየዋርዱ ባለው ነገር መጠጋጋት ይቻላል። ከአንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ላይ 900 ሚሊ ሊትር ቀድታችሁ 100 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን ጨምሩበት። ይህ ባፈር ስለሌለው ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ለዛሬና ለዚህ ሳምንት ሥራ ግን ይበቃል። በዕቃው ላይ ምን እንደሆነና የተቀላቀለበትን ቀን ጻፉ።

ስለ ብርድ አንድ ነገር። ሱሉልታን የሚያውቅ ሌሊቱን ያውቀዋል። ያልተቀጠነው ፎርማሊን በብርድ ሲያድር ታች ላይ ነጭ አተላ ይሠራል። ይህ ፎርማልዲሃይዱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ከፈሳሹ የወጣ ነው፤ ላዩ ላይ የቀረው ደግሞ ደክሟል። እንደዚያ ያለ ጠርሙስ በልኬት ብትቀላቅሉትም ልኩን አይሰጣችሁም። ፎርማሊን ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ከወለል ከፍ ያለ፣ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚያገኝ መደርደሪያ ይበቃዋል።

ዕቃው

ለፎርማሊንም ለናሙናም ከሁሉ የከፋው ዕቃ ሃይላንድ ነው። አፉ ጠባብ ነው፦ ለስላሳ ሥጋ እየተጨመቀ ይገባል፣ ከጸና በኋላ ግን አይወጣም። ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙሱን በመቀስ ሸርክቶ ናሙና ያወጣ ሰው ሥጋው እንዴት ተጨማድዶ እንደሚወጣ ያውቃል። ሌላው ጉዳት ከዚህ ይበልጣል። የተቀላቀለ ፎርማሊን ውሃ ይመስላል። ሃይላንድ ደግሞ በዚህ አገር ሁሉም ሰው አንስቶ የሚጠጣበት ዕቃ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ፣ መናኸሪያ ላይ የጠማው መንገደኛ፣ አንዱ ያነሳዋል።

አፈ ሰፊ፣ በጠመዝማዛ ክዳን የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ። ዕቃው ናሙናውን ሳያጣጥፍ መያዝ አለበት። ዝግጁ የናሙና ዕቃ ካልተገኘ በደንብ ታጥቦ የደረቀ የማር ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ፕላስቲክ ይሆናል፤ መስታወት መንገድ ላይ ይሰበራል። ለማህፀን፣ ለሙሉ ጡትና ለአንጀት ክዳን ያለው ባልዲ አዘጋጁ።

ፎርማሊኑ ናሙናውን በ10 እጥፍ መብለጥ አለበት፤ ከተቻለ 20 እጥፍ ይሁን። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚያህል ንፍፊት ቢያንስ 10 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ማህፀን ላይ ሲደርስ በሊትር መቁጠር ይጀመራል። ያን ያህል ፎርማሊን ከሌለ ባለው አጥልቁትና በማግስቱ በአዲስ ቀይሩት፤ የመጀመሪያው በደምና በሥጋ ውሃ ቀጥኗልና።

በዕለቱ፣ በሰዓቱ

ናሙናው ከቁስሉ እንደወጣ ደረቅ ጎዝ ላይ አይቀመጥ። ጎዝ ውሃ ይመጥጣል፤ የኢንዶስኮፒ ወይም የማህፀን በር ቁራጭ ደግሞ የስንዴ ቅንጣት ያህል ስለሆነ በጥቂት ደቂቃ ጠርዙ ይደርቃል። የደረቀ ጠርዝ ስላይድ ላይ ጨለማ ሆኖ ይታያል። ትንሹን ቁራጭ ከመሣሪያው ላይ በቀጥታ ፎርማሊን ውስጥ ጣሉት። እንዳይጠፋ ከፈለጋችሁ እርጥብ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ከነወረቀቱ ክተቱት። ጎዝ ውስጥ ከጠቀለላችሁት ክሩ ውስጥ ይሰነቀርና ግማሹ እዚያው ይቀራል።

በመቆንጠጫ ስትይዙት አትጭመቁት፤ በተለይ ንፍፊትና የቆዳ ቁራጭ። የተጨመቀ ሴል ይፈስና ሰማያዊ ጭረት ብቻ ይሆናል፤ ሊምፎማን ከብግነት መለየት በሚያስፈልግበት ቦታ ያ ጭረት ምንም አይናገርም። ጠርዙን ብቻ ያዙ። በኤሌክትሪክ የሚያቃጥለው መሣሪያም የናሙናውን ጠርዝ እንዲሁ ያጠፋል፤ ሲቻል በምላጭ ቁረጡ።

በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ውሃው ሴሎቹን ያሳብጣል። ደሙን ማስለቀቅ ካስፈለገ ኖርማል ሳላይን በቂ ነው፤ ያም ለደቂቃ ብቻ። ናሙናው ሳላይን ውስጥ ገብቶ አይደር።

አሁን ሰዓቱን ጻፉ። ሁለት ሰዓት፦ ከሰውነት የወጣበትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበት። በአገር ቤት አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አብራችሁ ግለጹ፤ «4 ሰዓት» ብቻ ከተባለ አንባቢው ጠዋት ይሁን ከሰዓት አያውቅም። ቀኑም እንደዚሁ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይባል።

ትልቁ ናሙና

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ነው፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ዝግታው ይብሳል። በግምት በመጀመሪያው ሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ይገባል። 5 ሚሊ ሜትር ለመድረስ 25 ሰዓት፣ 10 ሚሊ ሜትር ለመድረስ ደግሞ 100 ሰዓት ይፈጅበታል። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል ብላችሁ ያዙት። ስብ ያለበት ላይ ከዚህም ይዘገያል፣ ጡት ደግሞ አብዛኛው ስብ ነው።

ሙሉ ጡት እንዳለ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቢቆይ ዳሩ በደንብ ይጸናል። እብጠቱ ያለበት መሃል ግን በራሱ ሙቀት ሲበሰብስ ይሰነብታል። ላቦራቶሪው ሲከፍተው መሃሉ ግራጫና ልል ሆኖ ይፈርሳል። ቁራጩ ከዚያ ወደ አልኮል መታጠቢያዎቹ ሲገባ ፎርማሊን ያልደረሰበትን መሃል አልኮሉ ያጸናዋል። እናም በአንድ ስላይድ ላይ ዳሩና መሃሉ ሁለት የተለያየ ሥጋ ይመስላሉ።

ይህ ለምን የሴትዮዋን ሕክምና ይነካል? በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚገኘው ካንሰር የጡት ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር ይከተለዋል። የጡት ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ዕጢው የኤስትሮጅን ተቀባይ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ካለው ታሞክሲፌን ለዓመታት ሊረዳት ይችላል፤ ታሞክሲፌን ደግሞ ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ በዋጋም በአወሳሰድም ከሚቀሉት ነው። ይህን የሚለየው ልዩ ቀለም በማጽናት (ፊክሴሽን) ስህተት እጅግ ይጎዳል። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ናሙናው ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን እንዲገባ፣ ፎርማሊን ውስጥም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ እንዲቆይ ይጠይቃሉ። ዘግይቶ የገባ ወይም መሃሉ ያልጸና ናሙና ተቀባዩ እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ያ ወረቀት መድኃኒቱን ያስቀርባታል።

ስለዚህ ትልቁ ናሙና መከፈት አለበት። ግን ከመክፈት በፊት አቅጣጫው ይታሰር። ለጡት የተለመደው አሠራር አጭር ክር ከላይ፣ ረጅም ክር ከጎን ነው፤ የትኛው ጡት እንደሆነ ደግሞ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ናሙናውን በቆዳው በኩል አስተኝታችሁ፣ ደረት ላይ ከነበረው ከኋላ በኩል በረጅምና ስለታም ቢላዋ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ሰንጥቁት፤ ቆዳው ሳይቆረጥ ቁራጮቹን እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይያዛቸው። በየመሃላቸው በፎርማሊን የተነከረ ጎዝ አስገቡ። አቅጣጫውን የማያውቅ ሰው ግን አይቁረጠው። የሚልኩለት ላቦራቶሪ ጋር አንድ ጊዜ ደውሎ «እንዴት ተሰንጥቆ ይምጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ያለውን ክርክር ሁሉ ያስቀራል። ሳይሰነጠቅ ይምጣ ካሉ በዚያው ቀን ይድረሳቸው።

ማህፀን ሲሆን በሁለቱ ጎኖች ከማህፀን በር እስከ ጫፉ ተከፍቶ ውስጠኛው ሽፋን ፎርማሊን ይንካው። አንጀት በርዝመቱ ይከፈታል፣ በሳላይን ይጸዳል፣ ዕጢው ግን አይሰነጠቅም። ንፍፊት በመሃሉ ለሁለት ይከፈል፤ ከፍ ያለ ከሆነ በቁመቱ አግድም በየ3 ሚሊ ሜትሩ ይቆረጥ። እንቅርትን አትክፈቱ፤ ሽፋኑ ለፓቶሎጂስቱ ትልቅ ምስክር ነው።

ፎርማሊን የማይገባው

ሁሉም ናሙና ፎርማሊን ውስጥ አይገባም። እኛ አገር ውስጥ በዚህ ስህተት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ንፍፊት ነው። አንገት ላይ የወጣ ንፍፊት ቲቢ ይሁን ሊምፎማ ገና አይታወቅም። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ለጂን ኤክስፐርትና ለካልቸር የሚሆን ነገር አይቀርም፤ ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ምርመራውንም ያስቸግራል። ስትከፍሉት ግማሹን በንጹህ ዕቃ በትንሽ ኖርማል ሳላይን ለቲቢ ምርመራ፣ ግማሹን በፎርማሊን ለፓቶሎጂ ላኩ። ሁለቱ ዕቃዎች ላይ ምን እንዳለ በግልጽ ይጻፍ፤ ሲያዩዋቸው አንድ ዓይነት ናቸው።

በመርፌ የሚወሰደው ኤፍ ኤን ኤ ስላይድ በአየር የሚደርቅ ከሆነ ከፎርማሊን ዕቃ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አይታሰር። ጢሱ ብቻ ስላይዱን ያበላሸዋል፤ ቀለሙ አይይዝም። ይህን የማያውቅ ሰው በቅንነት ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ ይልካል፣ ላቦራቶሪው ደግሞ ስላይዱን አውጥቶ ይጥላል። ለየብቻ ይሂዱ።

የወንድ ዘር ፍሬ ባዮፕሲ ለመካንነት ምርመራ ከሆነ ቡዋን የሚባለው ፈሳሽ ይመረጣል፤ የኩላሊት ባዮፕሲ ደግሞ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። ሁለቱንም ተጂ ላይ ከመጀመር በሽተኛውን ወደ አዲስ አበባ መላክ ይቀላል። የቆዳ ባዮፕሲ ግን በፎርማሊን ያለችግር ይሄዳል። ሥጋ ደዌ የተጠረጠረ እንደሆነ ከቁስሉ ንቁ ጠርዝ ላይ ከሥር ያለው ስብ እስኪታይ ጥልቅ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ የነርቭ ለውጡ ያለው ከታች ነው። ከሰበታ ሲመጡ ከአየር ጤና አለፍ ብሎ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በዚህ በሽታ ላይ ሠርቷል፤ አጠገቡ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ለዚሁ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሞች ለምትሆኑት ደግሞ የቅርባችሁ ሰበታ ነው፤ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚያ ይገኛል። ሥርዓቱ ያው ነው፦ በሽታ ካለበትና ጤነኛው ከሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይወፍር ቁራጭ፣ በአሥር እጥፍ ፎርማሊን። ልዩነቱ የተላላፊ በሽታ ምርመራ ስለሚበዛ ከፎርማሊኑ ጎን ትኩስ ቁራጭ በበረዶ ሁልጊዜ ይከተል። ለእብድ ውሻ በሽታ በተለይ አንጎሉን ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ የከተተ ሰው ዋናውን ምርመራ ዘግቶታል፤ መደበኛው የፍሎረሰንት ምርመራ የሚሠራው በትኩስ አንጎል ላይ ነው። የተነከሰ ሰው ውጤቱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ፎርማሊን ባይኖርስ

ማታ ነው፣ ፎርማሊን አልቋል፣ ናሙናው ወጥቷል። ሁለት መንገድ አለ። ለጥቂት ሰዓት ከሆነ በሳላይን በረጠበ ጎዝ ሸፍናችሁ በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ፣ በረዶው ሴሎቹን ይወጋቸዋል። ፎርማሊን እስከ ማግስቱ የማይገኝ ከሆነ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱት። አልኮል ሥጋውን ያሳጥረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከመበስበስ ግን ይሻላል፤ ወረቀቱ ላይ «አልኮል ውስጥ ነበር» ተብሎ ይጻፍ። አረቄ አይሆንም፤ ጥንካሬው አይበቃም፣ ውስጡ ያለውም አይታወቅም።

መለያው

ክዳኑ ላይ አትጻፉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አሥር ክዳን በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ዕቃው ሆድ ላይ ጻፉ። ቢክ ፎርማሊን ሲነካው ይፈሳል፤ እርሳስ አይፈስም። በፕላስተር ላይ በእርሳስ ጻፉና አጥብቃችሁ ለጥፉ፦ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የካርድ ቁጥር፣ ከየት የሰውነት ክፍል፣ ቀንና ሰዓት። የካርድ ቁጥሩን ዋና አድርጉት። ስም በአማርኛ፣ በቁቤና በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ በአንድ ቀን ደግሞ አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ሊመጡ ይችላሉ።

የመጠየቂያው ቅጽ ላይ «ባዮፕሲ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ፓቶሎጂስቱ በጨለማ ይሠራል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ምን እንደታየ፣ ኤች አይ ቪና የቲቢ ታሪክ ካለ፣ ቀድሞ የተሠራ ባዮፕሲ ወይም ኤፍ ኤን ኤ ካለ ቁጥሩን ጻፉ። የላኪው ሐኪም ስልክ ቁጥር ይኑርበት። ቅጹ ለብቻው በፌስታል ይሁን፤ በፎርማሊን የራሰ ወረቀት ማንም አያነበውም።

ቀን ይደር

ብዙዎች ናሙናውን በዚያው ቀን ለመስደድ ይቸኩላሉ። የፎርማሊኑ ሥራ ግን ባልዲ ውስጥም፣ ሚኒባስ ውስጥም፣ ላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይም ያው ነው። በደንብ ተሰንጥቆ በቂ ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና ተጂ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር የጠፋ ቀን የለም፤ ላቦራቶሪውም ቢቀበለው እስኪጸና ያሳድረዋል። ትርፉ ደግሞ መንገድ ላይ ይገኛል፦ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በደንብ የጸናው ሥጋ ከባልዲው ወጥቶ፣ በፎርማሊን በረጠበ ጎዝ ተጠቅልሎ፣ ጥብቅ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ በጥቂት ፈሳሽ ሊሄድ ይችላል። ሦስት ሊትር ፎርማሊን በሰው ጭን ላይ ከማስቀመጥ ይህ በብዙ ይሻላል።

የጡት ናሙና ሲሆን 72 ሰዓቱን አስቡ። አርብ ከሰዓት የወጣ ጡት ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ ይሁን፤ የፋሲካና የገና ሳምንት ሲሆን ደግሞ የላቦራቶሪውን የሥራ ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ናሙናውን የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ነው። እሱ ማን እንደሆነ አትመልከቱ፣ ምን እንደተነገረው ተመልከቱ። በጠመዝማዛ ክዳን የተዘጋው ዕቃ በጥጥ ተከቦ በፌስታል ይታሰር፤ ያ ፌስታል ቀጥ ብሎ በሚቆም ካርቶን ወይም ባልዲ ውስጥ ይግባ። ለአስታማሚው በቋንቋው፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ እንዲህ በሉት፦ አትክፈት፣ አታጋድም፣ ከምግብ ጋር አታስቀምጥ፣ ቤት ካደረ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ አድርግ፣ ከፈሰሰ መስኮት ክፈትና እጅህን በብዙ ውሃ ታጠብ። የሚያስረክብበትን ክፍል ስም በወረቀት ስጡት። «ጥቁር አንበሳ» ብቻ የተባለ ሰው ከድንገተኛ ወደ ካርድ ክፍል፣ ከካርድ ክፍል ወደ ደም ላቦራቶሪ ሲዞር ይውላል።

የእናንተ ጤና

ፎርማልዲሃይድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከተባሉት ኬሚካሎች ተርታ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ተመድቧል። ዓይንን ያቃጥላል፣ አስም ያስነሳል። የቀዶ ሕክምና ማስክ ጋዙን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው የተከፈተ መስኮት ነው። ማቀላቀያው ክፍት አየር ያለበት ቦታ ይሁን፣ መነጽርና ጓንት ይደረግ። ናይትራይል ጓንት ይመረጣል፤ ያለው የላቴክስ ብቻ ከሆነ ደርቡትና ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ዓይን ከገባ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ዓይን ሐኪም ጋር ሂዱ።

ከፈሰሰ በረኪና አታፍሱበት። እጃችን በልማድ ወደ በረኪናው ይሄዳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን አደገኛ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። በጨርቅ ወይም በወረቀት ምጠጡት፣ በውሃ አጥቡት፣ ጨርቁን በታሰረ ፌስታል ጣሉ። ያገለገለው ፎርማሊን ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ «ያገለገለ ፎርማሊን» ተብሎ በተጻፈበት ጄሪካን ተጠራቅሞ ለተቋሙ የኬሚካል ቆሻሻ ኃላፊ ይሰጥ።

ውጤቱ ሲመለስ

ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ናሙናው በደንብ ያልጸና» ወይም «ራሱን የፈጨ» የሚል ማስታወሻ ካገኛችሁ አታልፉት። ከናሙናው መዝገብ ላይ የወጣበትንና ፎርማሊን የገባበትን ሰዓት አውጡ፣ ፎርማሊኑ መቼ እንደተቀላቀለ አረጋግጡ፣ ላቦራቶሪው ጋር ደውላችሁ ችግሩ ዳሩ ላይ ይሁን መሃሉ ላይ ጠይቁ። ዳሩ ከሆነ ናሙናው ደርቋል ወይም ፈሳሹ ደክሟል፤ መሃሉ ከሆነ ናሙናው በበቂ አልተሰነጠቀም ወይም ፎርማሊኑ አንሷል። በፓራፊን የታሸገው ብሎክ ላቦራቶሪው ጋር ስለሚቀር ሌላ ቀለም ወይም ሁለተኛ አስተያየት ሲያስፈልግ ከእሱ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህ ሲባል ሪፖርቱ ላይ ያለው የፓቶሎጂ ቁጥር በበሽተኛው ካርድ ላይ ይገልበጥ።